ሦስት ዋስ ይዘን መጥተን ነበር

ለተከበሩ የብድር ታሪክ መዝጋቢ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ ኮምፒውተርዎ ሁሉ ደህና ናቸው? በተለይ ኮምፒውተሩ በጤና እንዲሰነብት አጥብቄ እመኛለሁ፤ ልጄ የምትታመን ሰው መሆኗን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው ተብያለሁና፤ እሱም እንደማያውቃት ተረድቻለሁና። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስሜ ጋሻው ይባላል። ለንደን ሆሎዌይ፣ ካውንስል በሚሉት የመንግሥት ኪራይ ቤት የምኖር፣ በአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ድንችና ካሮት የምልጥ፣ ባለቤቴን አልታየሽን ከቀበርኩ ወዲህ ከአንዲት ልጄ ከብፅዓት ጋር የቀረሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ክብርዎን የሚነካ ቃል ቢያገኙ ካለማወቅ የመጣ ነው ብለው ይለፉት። ካላገኙ ደግሞ እባክዎ እንደገና ያንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብፅዓት አዋላጅነት ትማራለች። የመጨረሻው ዓመት ልምምዷ ዊልስደን አጠገብ ባለ ሆስፒታል ስለሆነ፣ ያኤል ከምትባል የክፍል ጓደኛዋ ጋር እዚያው ሰፈር ሁለት መኝታ ያለው ቤት አገኙ፤ የሚወለድ ሕፃን አዋላጇ አውቶቡስ እስክትቀያይር አይጠብቅማ። የቤት አከራዩ ኤጀንት፣ ቤንጃሚን የሚባል ጨዋ ወጣት፣ የያኤልን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈና ፈገግ አለ። የልጄን ስም ሲጽፍ ግን ፊቱ ተለወጠ። መጥፎ ነገር አገኘባት እንዳይሉኝ፣ ምንም አላገኘም፤ ጥፋቷም ይኸው ሆነ። እስከ ዓርብ ጋራንተር ካላመጣች ቤቱ ለሌላ እንደሚሰጥ ነገራት።

ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ) ልጄን ከብድር ጠብቄ ስላሳደግሁ ስለሰጡኝ ሽልማት አመሰግናለሁ። ዩኒቨርሲቲ በገባች ጊዜ ባንኩ የክሬዲት ካርድ ላከላት። ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ካማተብኩ በኋላ ካርዱን በወጥ ቤት መቀስ ቆራርጬ ጣልኩት፤ ባንኩም ዘንድ ሄዳ እንድትዘጋው አደረግሁ። ልጅቷ «አባዬ፣ እሱ እኮ ክሬዲት ስኮር፣ የታማኝነት ነጥብ ለመሥራት ነው፤ ትንሽ ነገር እገዛበታለሁ፣ ወዲያው እመልሳለሁ፣ ዛት ኢዝ ኢት!» ብላኝ ነበር። እኔ ግን «ገንዘብ ካለሽ ምን ያበድርሻል? ከሌለሽስ በምን ትከፍያለሽ?» ብዬ አፏን አስያዝኳት። በጥበቤ በጣም ደስ ስላለኝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሰው ሁሉ አወራሁት፤ ሰውም አደነቀኝ። አሁን ከእርስዎ እንደተማርኩት ግን የሚታመነው ተበድሮ የመለሰ ነው፤ ጭራሽ ያልተበደረ ሰው ያጠራጥራል። በዚህ አያያዝ አባታችን አዳም ፍሬዋን ከመብላቱ በፊት ለገነት ተከራይነት አይበቃም ነበር ማለት ነው።

፪ኛ) ዕቁባችንን ባለማየትዎ ዓይንዎ እንዳልደከመ ስላረጋገጡልን አመሰግናለሁ። ብፅዓት ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ መሥራት ከጀመረች ወዲህ በቤተ ክርስቲያናችን ዕቁብ በስሟ ግማሽ ዕጣ አላት። ፈተና ላይ ስትሆን በእኔ እጅ ትልካለች፤ ስትታመምም ትልካለች። የዕቁቡ ዳኛ ጋሽ ተክለአብ ለዘገየ ሰው እንደዚህ አገር ባንክ ቀይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይልኩም፤ ዝም ብለው ያዩታል፣ በቃ። አንድ ጊዜ ካህናችን ራሳቸው ዘግይተው፣ ጋሽ ተክለአብ መስቀል ከተሳለሙ በኋላ እጃቸውን ሳይለቁ «አባ፣ የእርስዎስ?» ብለዋቸዋል። እንዲህ ካለ ዓይን ፊት አንድም እሑድ አንገቷን ያልደፋች ልጅ፣ በእርስዎ መዝገብ የለችም።

፫ኛ) ይህ ትንሽ ይረዝማልና ይታገሡኝ። ጋራንተር አምጡ ስባል ደስ ነው ያለኝ፤ ዋስ ማለት መሆኑን አውቃለሁና። በእኛ ዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳያቀርብ ገንዘቡን አይነካም፤ ዋሱም በአካል መጥቶ፣ ዳኛው ፊት ቆሞ፣ በሰው መሐል ነው የሚናገረው። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት አንድ እንኳ ቢበቃ ብዬ ሦስት ዋስ ይዤ ከብፅዓት ጋር ዊልስደን ሄድኩ፤ ጋሽ ተክለአብን፣ ከዕቁባችንም አቶ ባፈናንና እትዬ ፍቅርተማርያምን። ወንዶቹ ከረባት አስረዋል፤ እትዬ ፍቅርተማርያም ነጠላቸውን ለብሰው ድፎ ዳቦ ታቅፈዋል።

ቢሮው ውስጥ ያሉት ወንበሮች ስላልበቁን ቆምን። ጋሽ ተክለአብ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ ተክለአብ ለዚህች ልጅ ዋስ ነኝ፤ ብትጠፋ እኔን ያዘኝ፤ እኔ ብጠፋ ባፈናን ያዘው» አሉ፣ በአማርኛ። ብፅዓት ፊቷ ቀልቶ ተረጎመች። አቶ ባፈና «እኔን ግን መጀመሪያ እሷን ፈልገህ ስታጣ ነው» ብለው አስተካከሉ፤ ይህንንም ተረጎመች። እትዬ ፍቅርተማርያም ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ቤንጃሚንን እያዩ «ይሄ ልጅ ምሳም አልበላ፣ እንዴት ነው የጠወለገው!» አሉ፤ ይህን አልተረጎመችም።

ቤንጃሚን ግን ዋስ በኦንላይን የሚሞላ ፎርም እንጂ ሰው አለመሆኑን በትሕትና አስረዳን። ከልፋታችን አዝኖ የሦስቱንም ስም አንድ በአንድ ጻፈ፤ ከዚያ የእኔን። አራታችንም ባዶ። እዚህ አገር ሸብተናል፣ ሠርተናል፣ ግብር ከፍለናል፤ እኔ በበኩሌ የቤት ኪራይም የመብራት ሒሳብም አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም፤ በየወሩ ሱቅ ሄጄ በጥሬው ነው የምከፍለው። ሆኖም በእርስዎ ዘንድ ገና አልተወለድንም። ቤንጃሚን ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው እጃችንን እየጨበጠ ሸኘን። ዳቦውን ተቀብሏል።

ዓርብ ቤቱ ለሌላ ተሰጠ። ያኤልም ሌላ የቤት ጓደኛ አገኘች፤ አልፈርድባትም። ብፅዓት አውቶቡስ እየቀያየረች ልምምዷን ተያያዘችው። ስለ መቀሱ አንዲት ቃል ብትወረውርልኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዊልስደን ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ራሴን መርምሬ ነበር። ያን ካርድ የቆረጥኩት ልጄን ለማዳን ነው ወይስ እሑድ ለማውራት? ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። ለእርስዎ ግን አልናዘዝም፤ እርስዎ ዘንድ ጥፋት የሚሰረየው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ፈጣሪ ከእርስዎ ይልቅ ይፈጥናል።

፬ኛ) እኔም ታሪክ ይኑረኝ ብዬ ለክሬዲት ካርድ አፕላይ አድርጌ ነበር። ታሪክ ስለሌለህ አንሰጥም ተባልኩ። ለዚህ የሚሆን ምስጋና እየፈለግሁ ነው፤ ሳገኝ እልክልዎታለሁ።

ብፅዓት አዲስ ካርድ ጠይቃለች። ፖስታው እስኪመጣ መቀሱን እትዬ ፍቅርተማርያም ዘንድ አስቀምጫለሁ። እርስዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ ዳቦ በብድር ገዝታ በማግሥቱ ስትከፍል፣ ይህች ልጅ ድሮም ታማኝ ነበረች የሚል መስመር ካለ እሱን ይሙሉላት። ከሌለ፣ እኛ ሞልተነዋል።

በእርስዎ መዝገብ ያልተገኘሁ፣ በዕቁብ መዝገብ ግን ከነአባቴ ስም ያለሁ፣ ድንች እየላጠ መልስዎን የሚጠብቅ፣
ጋሻው
ሆሎዌይ፣ ለንደን

ድኅረ ጽሑፍ፤

ይህን አሽጌ ልወጣ ስል ከእርስዎ ድርጅት አንድ ደብዳቤ ደረሰ። የተጻፈው ለክብርት ወይዘሮ አልታየሽ ነው። ክሬዲት ስኮራቸው እጅግ ከፍተኛ መሆኑን ያበሥራል፤ ላሳዩት ታማኝነትም ያመሰግናል፤ ብድር ቢፈልጉ በደስታ ይሰጣቸዋል ይላል።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የመብራቱም፣ የጋዙም፣ የውኃውም ሒሳብ በባለቤቴ ስም ነው። ከቀብሩ በኋላ ስሙን አዛውሩ ተብዬ አልሆነልኝም፤ ፖስታው በስሟ ሲመጣ ገበያ ሄዳ የምትመለስ ይመስለኛል። በየወሩ ሱቅ ቆሜ የከፈልኩትን ሁሉ እርስዎ ለእርሷ ጽፈውላታል። አልተቃወምኩም፤ በሕይወት ሳለችም ከእኔ ይልቅ የምትታመነው እርሷ ነበረች።

ብፅዓት ደብዳቤውን አነበበች። ቤቱ ካመለጣት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀችና «አባዬ፣ በቃ እማዬን ጋራንተር እናድርጋት!» አለችኝ። ስለዚህች ሳቅ ብቻ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

ፎርሙን ይላኩልን። ለፊርማው ግን ወዳለችበት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፤ በቤታችን ተረኛው እኔ ነኝ፤ ክቡርነትዎ ከቸኮሉ ግን ተራዬን እለቅልዎታለሁ።