ባሮኑ አንቱ ሲባሉ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018፣ ፍራንክፈርት

ዛሬ ሙዚየሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገሬ ሰዎች በአማርኛ አስጎበኘሁ። ልቤ እስካሁን አልተመለሰም። አለቃዬ ዛቢነ ሰዉ ካልወደደው ሁለተኛ ቴርሚን፣ ማለትም ሌላ የጉብኝት ቀጠሮ፣ እንደሌለ ነግራኛለች።

ከአንድ ባሮን ሥዕል ፊት ቆምን። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የልዑል አማካሪ የነበሩ፣ ሀብታቸውን በሥዕል የጨረሱ ባላባት ናቸው። በጀርመንኛ እንዳጠናሁት «እሱ ገዛ፣ እሱ ሰበሰበ» እያልኩ ስተረጉም ሰዉ ስልኩን ያያል።

ከጎብኚዎቹ አንዱ፣ ከሽቫንሃይም ሰፈር የመጡት ጋሽ ከድር፣ አላስቻላቸውም። «ልጄ፣ ይህን የሚያክሉ ሹም እሱ ይባላሉ እንዴ? ጎረምሳ አደረግሻቸው እኮ።»

አፈርኩና «እሳቸው» ማለት ጀመርኩ። ስልኩ ሁሉ ኪስ ገባ። «ልጆች ነበሯቸው?» «ሚስታቸውስ ዝም አሏቸው?» ጥያቄው ዘነበ።

ከኋላ ስትከታተል የነበረችው ዛቢነ ምን ብዬ ሰዉን እንዳነቃሁት ጠየቀችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ጀርመንኛ ሰውን የሚያከብረው ፊት ለፊት ነው። ዞር ካሉ ባሮኑም «ኤር»፣ ማለትም «እሱ»፣ ናቸው፣ ሥዕሉ ላይ እግራቸው ሥር የተኛው ውሻም «ኤር» ነው።

ስንወጣ ጋሽ ከድር ወደ ሥዕሉ ዞረው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ደህና ይዋሉ ጌታዬ» ብለው ጎንበስ አሉ። እኔም ተከተልኳቸው። ዛቢነ ስለ ቀጣዩ ቴርሚን እያወራችኝ ነበር። ወሬዋን አቋርጣ እሷም ጎንበስ አለች።