የወንድምህ የሲኒማ ሞት

ለልጄ ለሙንያኦ፣ ሞምባሳ ወደብ።

እንደምን ከረምክ ልጄ? ያ ሳል ለቀቀህ? ሚስትህ ንዲንዳስ? ሕፃኑስ ጥርስ አበቀለ? እኛ ደህና ነን፤ ማሽላውም ዘንድሮ ደህና ይዟል። ጉልበቴ ይነክሰኛል እንጂ አፌ እንደ ድሮው ነው። የሚጽፍልኝ የሚሽኑ መምህር ዮሐና ነው። ሁለቴ አስነብቤዋለሁ፤ ቢሆንም የወረቀት ነገር አላምንም፣ የጎደለ ከመሰለህ በሰው ጠይቀኝ።

ሲኒማ የሚሠሩ ነጮች መጥተው ከወንዙ ማዶ ሰፍረው ነበር። ወንዶቹን ሰብስበው ሱሪያችሁን አውልቁ፣ ቆዳ ልበሱ፣ ፊታችሁን ኖራ ተቀቡ አሏቸው። ያለ ሱሪ ቤተ ክርስቲያን አትገቡም ያሉን የእነሱው ወገኖች አልነበሩም? እኔንም የአገሩ ንጉሥ ሆነህ ለነጩ ጀግና ስገድ አሉኝ። ምን ስላደረገልኝ ብል፣ አስተርጓሚው “አባቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው” አለ። “ጨዋታ ከሆነ እሱ ይስገድልኝ” አልኩት። ሳቁ። ሰውየው ግን አልሰገደም።

ወንድምህ ኪሎንዞ እሺ አላቸው። አንድ ነጭ ጠመንጃ ሲተኩስ ቀስተኛችን ሁሉ እንደ በሰለ ፍሬ ረገፈ። የእኛ የካምባዎች ቀስት መቼ ነው እንዲህ የሳተው? ኪሎንዞ ዓይኑን ገልብጦ፣ አፉን ከፍቶ ሬሳ ሆነ። ታውቃለህ፣ እንደ ሬሳ የተጋደመ ሰው በፍየል ፈርስ ሳይነጻ ግቢያችን አይገባም። ፍየል አሰርኩ፣ ሽማግሌ ጠራሁ። እሱ ከአጥር ውጭ ቆሞ “አባባ፣ ነገም እኮ እሞታለሁ፤ በየቀኑ ልታርድ ነው?” ብሎ በሽማግሌዎች ፊት ሳቀብኝ፤ ሳይነጻም ወደ ነጮቹ ተመለሰ።

ነጮቹ በሚመጣው ወር በባቡር ወደ አንተ ይወርዳሉ። የሲኒማውን የቀረ አገራቸው ሊጨርሱት ኪሎንዞን በመርከብ ይወስዱታል። አገራችሁ የሚሞት ሰው የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። “እንደ ልጅህ አምሮበት የሚሞት አላገኙም” አለኝ አስተርጓሚው። ይህ ለአባት የሚነገር ምስጋና ነው? እዚያ ሳለ እውነተኛው ሞት ቢመጣበትስ፣ ጨዋታ መስሏቸው ቆመው ያዩት ይሆናል።

ስለዚህ ባቡር ጣቢያ ጠብቀው። አትምታው፣ አፉ ከአንተ ይፈጥናልና አትከራከረው። ያንን መርከብ እንዳይሳፈር ብቻ ያዘውና በፍየል አንጻው። እምቢ ካለህ ግን ቤትህ አታስገባው፤ ሕፃን አለህ። ደጅ ላይ አብላው፣ ጠግቦ ይሂድ።

እኅትህ ምዌንዴ ትስምሃለች። አጎትህ ኪቶንይ እንደምን ነህ ይልሃል። ንዲንዳንና ልጁን ሳምልኝ። ለኪሎንዞ ሰላምታ የላከችው እናቱ ካሉንዴ ናት፣ እኔ አይደለሁም፤ ዮሐና ይህን እንዳለ ጻፈው ብዬዋለሁ።

አባትህ ንዜንጌ
ኪቱይ፣ በደረቁ ወራት፣ በነጮች ቆጠራ 1951