ዱቄት ውስጥ የተደበቀው መሰርሰሪያ

ጋቭሪላ፣

የአባታችንን የእጅ መሰርሰሪያ ይዤ ከኢዛ ወንዝ ማዶ ሄጃለሁ፤ የእንጨት ቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ከወንዶቹ ጋር ልሠራ። ዱቄት ውስጥ ስትደብቀው በዚህ ቤት ማን የሚያቦካ መስሎህ ነው?

ያን «ትራፓኖ» የምትለውን የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያህን እንዳታመጣ። ቀዳዳውን ያቃጥለዋል፤ የእንጨት ችንካር አጥብቆ አይዝም። እዚያ ደግሞ ሚስማር ክልክል ነው።

የበቆሎ ገንፎህ ድስቱ ውስጥ አለ። ላሟን አንተ እለባት።

ትናንት ቄሱ ፊት «ፈሪ» ስልህ አበዛሁት። አንተም ግን...
ተወው።

«ሴት የበሳችው እንጨት አይበረክትም» አልክ አይደል? እንግዳ በመጣ ቁጥር «የአባቴ እጅ ሥራ» እያልክ የምትኮራበት የግቢያችን በር ሲሠራ የአባባ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀዳዳውን ሁሉ የበሳሁት እኔ ነኝ።

በሩ ካስጠላህ አጥር ዘለህ ግባ።

ፓራስካ