የዘርፌ ስምና አረንጓዴው ሻጋታ

ሰቆጣ፣ ነሐሴ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ኮሌጅ ባዮሎጂ የምታስተምረው ልጄ፣ ከሟች እናትዋ የዳዊት ማኅደር ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ፍቃ በብልቃጥ ይዛ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ዝርያው በመጻሕፍቷ ካሉት ከአንዱም ጋር አልገጠመላትም።

«አባዬ፣ አዲስ ከሆነ በእማዬ ስም እሰይመዋለሁ» አለችኝ።

«ዘርፌ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሻጋታ ጋር ስትጣላ ኖራ፣ አንቺ በሻጋታ ልታስጠሪያት?»

«እርስዎስ በምን ሊያስጠሯት አስበዋል?»

ካረፈች ወዲህ ስሟ በዚህ ቤት ጮክ ተብሎ የተጠራው ገና ዛሬ ነው። ምርመራው ወራት ይፈጃል፤ ሻጋታው ቀድሞ የታወቀ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ልጄን ሸኝቼ ስመለስ ለዘርፌ ነፍስ ጸለይሁ። ከዚያም፣ በዕድሜዬ የማያምርብኝ ቢሆንም፣ ያ ሻጋታ ከዚህ በፊት ማንም ያላየው እንዲሆን ፈጣሪዬን ለመንሁ።