የተረከዜ ነገር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? የእናታችን ዓይን ተሻላት ወይ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ እስከ መጨረሻው አንብቢና ራስሽ ፍረጂ።

ያን ዕለት በስልክ እያለቀስሽ መስመሩ ተቋረጠና ሳንጨርስ ቀረን፤ እኔም በእግሬ ልሂድና ልጻፍላት ብዬ እስካሁን ቆየሁ። እግሩ ተቆረጠ ብሎ የነገራችሁ ሰው ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ ወሬ እንደሆነ መንገድ ላይ ይወልዳል። እግሬ አልተቆረጠም። የተሰበረው የቀኝ እግሬ ተረከዝ ነው። «ናልን፣ እኛው እንጦርሃለን» ያልሽኝ ግን ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ፣ የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ።

የአንድ ትምህርት ቤት ደረጃ ዙሪያ ያለውን ግድግዳ እየቀባሁ ነበር። ወለሉ ታጥቦ እርጥብ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ግን ጣሪያው ጥግ የቀረችኝን ቁራሽ ልጨርስ ብዬ ቸኮልኩ። መሰላሉ ተንሸራተተ፤ እኔም ቁልቁል መጥቼ በእግሬ አረፍኩ። በጭንቅላቴ ባለመውደቄ ተመስገን ብዬ ልነሳ ስል ተረከዜ አልሸከምህም አለኝ። ቀለሙ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ስለፈሰሰብኝ፣ የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ የቱ ጋ እንደተጎዳሁ ለማየት መጀመሪያ ማጠብ ነበረባት።

ሐኪሟ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ያ ሙሉ ክብደታችንን የሚሸከም አጥንት እንደተረገጠ ብስኩት ሆኗል። «ሁለት መንገድ አለ» አለችኝ። አንደኛው ቀዶ ጥገና አድርጎ አጥንቱን በብረት ማሰር፣ ሌላው ምንም ሳይቆርጡ እግርን ከፍ አድርጎ አሳርፎ ቀስ እያሉ ማለማመድ ነው። እንደኔ ላለው ስብራት የትኛው እንደሚሻል እሷና ባልደረቦቿ እያጠኑ ነው። ጥናቱ ውስጥ የገባ ሰው በዕጣ ይመደባል፤ ከዚያ አረማመዱን፣ ሕመሙን፣ ሥራ መመለሱን እየተከታተሉ ይመዘግባሉ። እሺ ብዬ ፈረምኩ። እውነቱን ልንገርሽና ብረቱ የሚደርሰኝ መስሎኝ ነበር። የደረሰኝ ትራስ ነው።

አጠገቤ የተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። እሱም ጎማ ሊያወርድ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወድቆ ነው። ለእሱ ብረቱ ወጣለት። «የኔ ጌታ፣ አንተን ትራስ ይዞህ እኔን ብረት ያዘኝ፤ ማን ቀድሞ እንደሚሄድ እናያለን» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ በአፌ እስቃለሁ፣ ሆዴ ግን ይቀናል።

ወደ ኪራይ ክፍሌ ስመለስ ሥራዬ እግር ሰቅሎ ጣሪያ ማየት ሆነ። ማን እንደቀባው አላውቅም፤ ብሩሹን የት የት ላይ እንዳነሳ ግን ለይቼ ጨረስኩ። እብጠቱ አልወርድ ሲል ሐኪሞቹ መሞከሪያ አድርገውኝ ነው የሚል ሐሳብ ገባኝ። አንቺ የደወልሽው ያኔ ነው። ከስልኩ በኋላ ሻንጣዬን አሰናዳሁ፤ በነጋታው በክራንች እየተደገፍኩ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ።

«ከጥናቱ ልወጣ ነው» አልኳት።

«መብትህ ነው። ማንም አይቀየምህም፣ ሕክምናህም አይቋረጥም» አለችኝ።

«ቀዶ ጥገናው ቢደረግልኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር?»

«አላውቅም» አለችኝ። «ባውቅማ ኖሮ ዕጣ ባላወጣሁ።»

እታለም፣ ከወደቅኩ ጀምሮ ያየኝ ሁሉ አይዞህ፣ ትድናለህ ይለኝ ነበር፤ አንዱንም አላመንኩም። ይቺን አላውቅም ያለችኝን ግን አመንኳት። ከዚያው ተነስቼ ወደ ማለማመጃው ክፍል ሄድኩ።

ሹፌሩ ቀድሞኝ እዚያ ነበር። የቀዶ ጥገናው ቁስል አመርቅዞበት፣ ከኔ ይልቅ ከስቶና ጠቁሮ ሳየው ቅናቴ አሳፈረኝ። የሚያለማምደን ሰውዬ «ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል» ሲለን፣ ሹፌሩ «እንቁላሉማ ሄደ፣ የቀረነው እኛ ነን» ይላል። እንዲህ እየተሳሳቅን፣ አንዳንድ ቀንም ጥርሳችንን ነክሰን፣ ብረት ዘንጉን ይዘን ስንመላለስ ከረምን። መጀመሪያ ሙሉ ክብደቴን ስጥልበት ሕመሙ ጉልበቴ ድረስ ወጣ። ግን ከሥሩ የወለሉ ቅዝቃዜ ተሰማኝ፤ ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

ዛሬ ያለ ክራንች እሄዳለሁ። ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል፤ ወጣ ገባ መንገድ ላይ አነክሳለሁ። ተረከዜ ስለሰፋ ጫማ ሰፊው የቀኙን ለብቻው ለክቶ ሠራልኝ። መሰላል ከእንግዲህ የለም። አሠሪዬ በርና መስኮቱን መሬት ላይ እያጋደምኩ እንድቀባ ፈቅዶልኛል። ጥናቱ ገና አላለቀም። ሐኪሟ እንደምትለው የኔ ተረከዝ ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ከብዙ ሰው ተረከዝ ጋር ሲደመር ነው። እኔም እስኪያልቅ እየሄድኩ አረማመዴን አስለካለሁ። ስለዚህ ልጦር አልመጣም፤ ለጥየቃ እመጣለሁ።

ትናንት አውቶቡስ ስሳፈር ሹፌሩ ያው አብሮኝ የተኛው ሰው ሆኖ አገኘሁት። ሥራውን ጀምሯል። ደረጃውን ስወጣ ማንከሴን ያዩ አንዲት ሴትዮ ወንበራቸውን ሊለቁልኝ ብድግ ሲሉ፣ በመስታወቱ አይቶን «ተዉት እመቤቴ፣ ይቁም። ለመቆም ስንት ደክሟል» አላቸው። እስከ መውረጃዬ ቆሜ ሄድኩ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ጣሪያውን ሊጠግን ሲወጣ ከታች መሰላሉን የሚይዝለት ሰው ይኑር። ትልቋን ልጅሽን በትምህርቷ እንድትበረታ፣ መንትዮቹን ደግሞ አንቺን እንዳያስቸግሩ ንገሪልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን እንዳትረሺ። እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ይህን ስታነቢላት መሰላሉን ትንሽ አሳጥሪላት፤ የአውቶቡሱን ግን አንዲት ቃል እንዳታስቀሪባት።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ቀለም ቀቢው
ከኪራይ ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን