ውሃ ለለመንከኝ

ደምሰው፣ የአስናቁ አባት፣ የልቤ ሰው፤

ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደብረ ማርቆስ ዝናቡን እንደ ጉድ ታወርደዋለች። ትምህርት ቤት፣ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር የነበረው ጠረጴዛህ ላይ ሌላ የሳይንስ መምህር ተቀምጦበታል አሉ። እንቁራሪቶችህ የጓሮው ኩሬ ሞልቶላቸው ይንጫጫሉ፤ ሰው ይማረራል፣ እኔ ግን አንተን እያሰብኩ አዳምጣቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ለተማሪዎችህ የምታሳያትን እንቁራሪት በገበቴ አምጥተህ፣ እንግዳችን ናት ብለህ አደራ ሰጠኸኝ። እኔ ሞኟ፣ እንግዳ በባዶ አይስተናገድም ብዬ ለከብት እንደሚደረገው አሞሌ ጨው ፈርፍሬ ውሃዋ ውስጥ በተንኩላት! ስትመለስ ኩምትር ብላ ጠበቀችህ። ይቆጣኛል ስል በሳቅ ፈረስክ። በዝናብ ውሃ ብታለቀልቃት ነፍስ ዘራች። ከዚያ እንደ ተማሪ አስቀምጠህ አስተማርከኝ፤ እንቁራሪት በአፏ አትጠጣም፣ ውሃ የምትመጠው በሆዷ ቆዳ ነው። ጨው ከውጭ ሲበዛባት የሰውነቷን ውሃ ስቦ ያወጣዋል። ጨው ጨርሶ ካጣችም ትሞታለች፤ በሽንቷ የሚወጣባትን ጨው ከኩሬው በቆዳዋ ትለቅማለች። በደረቅ ጊዜ ደግሞ ፊኛዋ ያጠራቀመውን ውሃ ሰውነቷ መልሶ ይወስደዋል። እንዲያ ከሆነማ የጠላ ቤት ሰው ሁሉ ሆዱን ቢነክር ይበቃው ነበር ብዬ አሾፍኩብህ።

ተቅማጡ ሲይዝህ ግን ያ ሁሉ ትምህርት ከየት ይምጣ? ውሃ፣ ውሃ አልከኝ። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉነሽ፣ ውሃ ያባብስበታል፣ ሆዱ ይድረቅ አሉኝ። ለክፋት አልነበረም፤ እሳቸውም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። እጄን ይዘህ ለመንከኝ። ከንፈርህ ሲሰነጠቅ እያየሁ ጣሳውን አራቅኩት። የጠቀምኩህ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጃችንን አስናቁን ያው በሽታ ያዛት። ጤና ጣቢያ ይዣት ብሮጥ፣ በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር የወጣባትን ውሃና ጨው መልሽላት አለኝ። አንተ የምትናገር መሰለኝ። እትዬ ሙሉነሽ ኧረ ተይ ሲሉኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አልኳቸው። ውሃ አፍልቼ፣ ጨው ቆንጥሬ፣ ስኳር ጨምሬ በማንኪያ በማንኪያ ሦስት ቀን አጠጣኋት። ዛሬ ጓሮ ወጥታ ትጫወታለች።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ዳነች እኮ ደምሰው፤ በውሃ ዳነች! አንተም ትድን ነበር።

ይቅር በለኝ። ሰዉ እርሺው ይለኛል፤ እንዴት ብዬ? ያንን ልመናህን እስከ መቃብሬ እሰማዋለሁ። ቃሌ ይኸው፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የተጠማ ሰው ሁለት ጊዜ አይለምንም።

ያንተው ውብዓለም