ብሎኬት ታመርታለች ተብዬ ለደረሰኝ ማስጠንቀቂያ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ይሥሐቅ
የከተማችን የሕዝብ መገልገያ ቤቶች ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የመንዝ ብርድ ደፍሮ የማይገባበት ቢሮዎም በሙሉ ጤና እንደምትገኙ ያለኝን የጸና ተስፋ በትሕትና እገልጻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ዜና ላርዳ። በቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳ ላይ ለዓመታት ተለጥፎ ያገለገለው «ጸጥታ ይጠበቅ» የሚለው ወረቀት ባለፈው ማክሰኞ ወድቋል። የጣለው አንድ ጆንያ ነው፤ ስለ ጆንያው በቦታው እመጣበታለሁ። ስለሆነም አጣሪ ኮሚቴ እንዳይቋቋም፣ ከተቋቋመም አበል ከእኛ እንዳይጠይቅ እለምናለሁ። ጸጥታው ከወደቀ ዘንድ ግን እኔም ትንሽ ልናገር።

አስካለ ማርያም ወዳጆ እባላለሁ። የዚህችው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስሆን ከሥራ መልስ በስልኬ ብሎግ እጽፋለሁ። ብሎግ ማለት ሰው የሚያየውንና የሚያስበውን እየጻፈ ማንም እንዲያነበው ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣበት ገጽ ነው። የምጽፈውም ስለ ሙያዬ ነው፤ መጽሐፍ ይዞ የጠፋ አንባቢ ሳይቀየም እንዴት እንደሚጠራ፣ አይጥ መብላት የምትጀምረው ከየትኛው መደርደሪያ እንደሆነ (ከታሪክ ነው)፣ ጣሪያው ሲያፈስ መጻሕፍት ወዴት እንደሚሸሹ። በመርሐቤቴና በግሼ ያሉ ባልደረቦቼም የየራሳቸውን ይጽፋሉ፤ አንዳችን የሌላችንን እያነበብን እንጽናናለን። አንባቢዎቻችን እኛው ብቻ ነን ብዬ ሳዝን፣ ወሬያችን እርስዎ ቢሮ ድረስ መዝለቁን ስሰማ ኩራቴ ወሰን አልነበረውም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የካቲት ላይ ስለሚያፈሰው ጣሪያችን በጻፍኩ በሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። «አስካለ ብሎግ እያወጣች ነው» ብሎ የነገረዎት ሰው ያለ ይመስለኛል፤ ወሬው ደረጃውን ሲወጣ ግን አሸዋና ሲሚንቶ ተጨምሮበት ኖሮ ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «በመንግሥት ግቢ ውስጥ ያለ ንግድ ፈቃድ ብሎኬት እያመረቱ በማውጣት ላይ መሆንዎ ስለተደረሰበት በአስቸኳይ እንዲያቆሙ።» ክቡር ሆይ፣ እዚህ ቤት ስሠራ ከእጄ ጠንካራ ነገር ሊወጣ ይችላል ብሎ የጠረጠረኝ አለቃ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

፪. የግንባታ ተቆጣጣሪውን አቶ ምንይሉን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ሜትራቸውን ይዘው ገቡ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል አሸዋ ፈለጉ፣ ጠረጴዛ ሥር ሳይቀር አጎንብሰው አዩና፣ «አንቺ አስካለ፣ እንግዲህ አታድክሚኝ፤ ማሽኑን የት አድርገሽው ነው?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አይተው፣ «ይቺ ናት ብሎኬት የምትወልደው?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ቁጭ ብለው ስለ ጣሪያው የጻፍኩትን አነበቡና፣ «የለም፣ እዚህስ የጎደለው ቆርቆሮ ነው» ብለውኝ ሄዱ። ሪፖርታቸው ላይ ግን «ብሎኬት አልተገኘም» ብለው ብቻ ጻፉ፤ ሐሰት የለበትም።

፫. «አልተገኘም» የሚለው ቃል በቢሮዎ «ተሸሽጓል» ተብሎ ስለተተረጎመ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ፤ ምርቱን አሽሽታለችና ነገሩ እስኪጣራ ቤቱ ይታሸግ የሚል። አንድ ቃል ከማረም አንድ ቤት ማሸግ እንደሚቀል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ቁልፉን ተረከባችሁ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ። የታሸገ ቤት ባዶውን አይቆምም ተባለና ማክሰኞ ዕለት የክረምቱ ማዳበሪያ በጆንያ በጆንያ ገባ። ጆንያዎቹ አሁን የንባብ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። በሥነ ሥርዓት ረገድ አላማቸውም፤ አያወሩም፣ ገጽ አያጥፉም፣ ጣሪያውም ያፈስባቸዋል እንጂ ስለ ጣሪያው አይጽፉም።

የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ ሲከለል ሣሩ እንዲያድግ ነው፤ መቼ እንደሚከፈትም የሚወስኑ ሽማግሌዎች አሉት። የእኛ ቤት ሲከለል ምን እንዲያድግ እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ሰነበትኩ። ማዳበሪያውን ሳይ ገባኝ፤ መጻሕፍቱ ሊበቅሉ ነው።

፬. እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀብኝ።

ጌታነሽ የምትባል አንባቢ አለችን። ልጅ ስትወልድ ያቋረጠችውን ትምህርት ከስንት ዓመት በኋላ ቀጥላ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትቀመጥ ነው። ባሏ «ዘንድሮ ካልሆነልሽ ይበቃሻል» ብሏታል። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ልጁም፣ በጎቹም፣ የባሏ ሬዲዮም እዚያው ናቸው፤ ስለዚህ ከገበያ መልስ እኛ ዘንድ ጥግ ይዛ ታጠና ነበር። ረቡዕ ዕለት መጥታ በሩን ገፋ ገፋ አደረገችና፣ «ምን አድርገናቸው ነው፣ እትዬ?» አለችኝ። ጋቢዬን አውልቄ ሰጠኋት። አሁን በረንዳው ላይ ጋቢ ተከናንባ ታነባለች፤ ነፋሱም ገጹን ከእሷ ቀድሞ ይገልጠዋል። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው፤ እርስዎ እስኪያጣሩ አይጠብቃትም።

የምለምነው ቁልፉን ብቻ ነው። ማዳበሪያው ይቆይ፤ አንድ ጠረጴዛ ይልቀቅልን። በምላሹ፣ ብሎኬት አምርቻለሁ ብዬ በሦስት ቅጂ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። ቢሮዎ ሳይሳሳት ይቀራል፣ ጌታነሽም ትፈተናለች፤ በእኔ በኩል ርካሽ ነው።

በደብዳቤዎችዎ ክብደት እጅጉን የተደገፍኩ፣ ግድግዳ እስካቆም ድረስ የማልታክት፣

አስካለ ማርያም ወዳጆ
የታሸገው ቤት ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ዛሬ ብሎጌ ላይ ወጥቷል። በቃል የሚነግርዎት ሰው ካለ፣ እባክዎ ቀስ ብሎ እንዲናገር ይዘዙልኝ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ድልድይ እየሠራች ነው እንዳልባል።

እርማት፦ ከላይ በተራ ቁጥር ፫ «ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ስለሆነ እንደሚከተለው ተስተካክሎ ይነበብ። ቤቱ በታሸገበት ዕለት በውሰት ወጥተው የነበሩት መጻሕፍት የሚመለሱበት በር ስላጡ፣ በረንዳው ላይ ከአንባቢ ወደ አንባቢ በመዘዋወር ላይ ይገኛሉ፤ የፊዚክስ መጽሐፉ በዛሬው ዕለት ጌታነሽ ዘንድ ነው። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ መደበኛ አገልግሎቱን እየሰጠ ሲሆን፣ የተዘጋው የእርስዎ የማዳበሪያ መጋዘን ነው።